ክዳኑ በሁለቱም በኩል ይገጥማል

ይድረስ ለእትዬ፣ እህትም እናትም ሆነሽ ላሳደግሽኝ። ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ? ደረጃ ስትወጪ ይይዝሽ የነበረው ሕመም ለቀቀሽ ወይስ አሁንም እንደ ባለዕዳ ይከታተልሻል? የስፌት ሥራሽስ እንዴት ነው? እማዬስ ደህና ናት? ጆሮዋ አሁንም የምትፈልገውን ብቻ ነው የሚሰማላት? ልጅሽስ፣ ትንሿ፣ ቁመቷ የበሩን እጀታ አለፈ? የባለቤትሽን የጋሼን ጤና ደግሞ ከሁሉም አጥብቄ እጠይቃለሁ፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች ስትወርጂ ይገባሻል። እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍልሽ ይገባ ነበር። ግን ደህና አይደለሁም እትዬ። ፈርቻለሁ።

ይህን ስታነቢ ፈገግ እንዳልሽ ይታየኛል። «ድንጉጧ» የሚለውን ስም ያወጣሽልኝ አንቺ ነሽ፤ ስሙም ያለ ምክንያት አልወጣልኝም። በር ላይ የተሰቀለውን የአባታችንን ካፖርት ሌባ ነው ብዬ ሰፈሩን በጩኸት ያናወጥኩት እኔ ነኝ። ጎረቤቱ ሁሉ ዱላ ይዞ መጥቶ ካፖርት ከቦ ቆመ። ይኸው እስከ ዛሬ ይሳቅብኛል፣ ይገባኛልም። አሁን ግን እለምንሻለሁ፣ ይህችን አንዲት ጊዜ ብቻ ካፖርቱን እርሺልኝ።

ነገሩን በአጭሩ ልንገርሽና ከዚያ ወደ ዝርዝሩ እገባለሁ። ሰኞ ጠዋት ከጤና ጣቢያው ጀርባ በቆፈሩት ጉድጓድ ውስጥ ጋዙን ለማውጣት ውሃና አሸዋ በከፍተኛ ግፊት ሊለቁ ነው። እኔ ደግሞ ትክክለኛው ቦታ ላይ የሚለቁት አይመስለኝም። ስለዚህ ከሰኞ በፊት ሁለት ነገር እንድታደርጊልኝ እፈልጋለሁ። አንደኛው እማዬንና ትንሿን ይዘሽ ከዚያ ቤት እንድትወጪ ነው። ሁለተኛው ከጋሼ አፍ አንዲት ቃል እንድታወጪልኝ ነው። ሁለተኛው ከአንደኛው ሳይከብድ አይቀርም።

ለምን በስልክ አልነገርሽኝም ትዪኝ ይሆናል። ያንቺ ስልክ ከተሰበረ ወዲህ ያለው አንዱ ስልክ ጋሼ ኪስ ውስጥ ነው የሚውለው፤ ሲያወሩም ድምፅ ማጉያውን ከፍተው፣ ገበያተኛው እስኪሰማ ነው። ይህን ወረቀት የሚያደርስልሽ የድንጋይ ሣጥኖቹን የሚያመላልሰው የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ቅዳሜ ረፋድ ላይ እጅሽ አስገባዋለሁ ብሎ በልጆቹ ምሎልኛል። ሹፌሩ ደግ ሰው ነው፣ ግን ወሬ አያድርበትም፤ እሱ ቆሞ ሳለ ጮክ ብለሽ አታንቢው።

ሥራዬን እማዬ «ልጄ ከተማ ሄዳ ድንጋይ ትፈልጣለች» እያለች እንደምታወራው ሰምቻለሁ። አልተሳሳተችም። የምሠራው ጣሪያው ቆርቆሮ በሆነ ሰፊ መጋዘን ውስጥ ነው። መደርደሪያው እስከ ጣሪያ ይደርሳል፤ በመደርደሪያው ላይ የተደረደረው በሙሉ የድንጋይ ሣጥን ነው። ጉድጓድ ሲቆፈር ከውስጥ ድንጋዩን ልክ እንደ ክብ ዱላ አድርገው ያወጡትና እየቆራረጡ በሣጥን ይልኩልናል። እኔ ውሃ በሚረጭ መጋዝ ለሁለት እሰነጥቀዋለሁ፣ አጥበዋለሁ፣ ከዚያም አውራ ጣት የሚያክል ቁራጭ አውጥቼ ከመጭመቂያው ሥር አስቀምጠዋለሁ። መጭመቂያው እስኪሰበር ድረስ ይጫነዋል። ስንት እንደቻለና እንዴት እንደተሰበረ ለዶክተሯ እነግራለሁ። ዶክተሯ የድንጋይ ሐኪም ናቸው፤ በሽተኞቻቸው ስለማያጉረመርሙ ይመስለኛል ድምፃቸው ከሹክሹክታ ከፍ ብሎ አያውቅም።

መጋዘናችን ውስጥ ጋዝ ያለበት ድንጋይ ከሦስት ቦታ የመጣ አለ። ሼል ይሉታል፤ ድሮ ጭቃ የነበረ፣ ጋዙን በውስጡ አፍኖ የያዘ ጥቁር ድንጋይ ነው። ላየው ሰው ሦስቱም አንድ ናቸው። ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። አንቺ ልብስ ሰፊ ነሽና በጨርቅ ላስረዳሽ። ከበረሃው የመጣው እንደ አዲስ አቡጀዴ ነው፤ ጫፉን በመቀስ ነካ አድርገሽ ስትስቢው ጧ ብሎ ቀጥ ብሎ ይቀደዳል። በመጭመቂያው ሥር ሲሰበር እኔን ሁልጊዜ ያስደነግጠኛል፤ ሌሎቹ ሠራተኞች የኔን መዝለል ለማየት ሥራቸውን ትተው ይመጣሉ። ከባሕር ዳርቻው የመጣው ደግሞ እንደ ሹራብ ነው። ሸክላ አፈር ስለበዛበት ትጫኚዋለሽ፣ ይለጠጣል፣ ስንጥቁም መልሶ ይገጥማል፤ ውሃ ሲነካው ደግሞ ያብጣል። እዚያ ስንጥቁ እንዳይዘጋ ብዙ አሸዋ ያጎርሱታል።

የኛ፣ ከናንተ እግር ሥር የወጣው፣ ከውጭ ሲያዩት አቡጀዴ ነው። ነገር ግን አሮጌ ስፌት አለበት እትዬ። ድሮ ምድር ተንቀሳቅሳ የሰነጠቀችው ነጭ ክር የመሰለ መስመር ከላይ እስከ ታች ያልፍበታል። እንዲህ ያለውን ጨርቅ ስትስቢው አንቺ በፈለግሽው በኩል ሳይሆን በስፌቱ በኩል እንደሚተረተር ከኔ በላይ ታውቂያለሽ። ጥልቀቱም አንድ አይደለም። የበረሃው ጋዝ ሦስት ኪሎ ሜትር ወርዶ ነው የሚገኘው፣ የባሕር ዳርቻው ከዚያም ይርቃል። የኛው ግን አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ከቤታችን እስከ ዳቦ ቤቱ ያለውን መንገድ ወደ ታች አቁመሽ አስቢው፤ በቃ ያችው ናት።

የጉድጓዱ ኃላፊዎች ለኛ ድንጋይ የወሰኑለት ግፊት የበረሃውን ነው። ዶክተሯ ከመጀመሪያው ተቃውመው ነበር። በመጨረሻ የተስማሙት በአንድ ምክንያት ብቻ ነው። በኛ ጉድጓድ ውስጥ ከጥቁሩ ድንጋይ መሃል አንድ ሜትር የሚያህል ጠንካራ የኖራ ድንጋይ ንብርብር አለ። ግፊቱን ከዚያ ንብርብር በታች ከለቀቁት ወደ ላይ የሚሮጠው ስንጥቅ እዚያ ሲደርስ ይቆማል፤ የኖራ ድንጋዩ እንደ ጣሪያ ይይዘዋል። ከላዩ ከለቀቁት ግን የሚይዘው የለም። አሮጌውን ስፌት ተከትሎ ወደ ላይ፣ ወደ ውሃችሁ ነው የሚሄደው። በሽቦ የሚወርደው መለኪያ መሣሪያ ግማሽ መንገድ ላይ ተቀርቅሮ ስለቀረ ያ ንብርብር የት እንደሆነ የሚናገረው ያለው አንድ ሣጥን ብቻ ነው። ያንን ሣጥን የሠሩት ደግሞ ጋሼ ናቸው።

አሁን ገባሽ አይደል ለምን ጤናቸውን አጥብቄ እንደጠየቅሁ።

በሌላው ቦታ ድንጋዩ ከጉድጓድ እንደወጣ ከራስ እስከ ግርጌ ሁለት መስመር ይሰመርበታል፣ ቀይና ጥቁር፤ ራሱን ወደ ላይ አድርገሽ ስትይዢው ቀዩ በቀኝ ነው። በዚህ ነው የትኛው ጫፍ ላይኛው እንደሆነ የምናውቀው። የኛው የወጣው በዝናብ ቀን ነበር፣ ቀለሙ አልያዘም። ስለዚህ ሠራተኞቹ ራሱ በየት በኩል እንደሆነ ክዳኑ ላይ ቀስት አድርገው ላኩት። ከሌላ ቦታ የሚመጣው ሣጥን አንዱ ጥጉ የተቆረጠ ነው፤ ክዳኑን ብታዞሪው እምቢ ይላል። ከናንተ የመጣውን ሳየው ግን አራቱም ጥግ እኩል ነው። ሹፌሩን ስጠይቀው፣ መንገድ ላይ ኬላ ሲፈተሽ ፈታሾቹ ክዳኖቹን በሙሉ አውልቀው መሬት ላይ አድርገው እንደነበርና መልሰው እንደከደኗቸው ነገረኝ። «በየትኛው በኩል?» ስለው «እኔ ሹፌር ነኝ እንጂ ክዳን ጠባቂ ነኝ?» አለኝ።

ያኔ እንኳ ገና አልፈራሁም ነበር። የፈራሁት ድንጋዩን ስሰነጥቀው ነው። ደራሽ ውሃ በባልዲ ቀድተሽ ብታስቀምጪው አሸዋው ቀድሞ ይዘቅጣል፣ ደቃቁ ጭቃ ከላይ ያርፋል። ድንጋዩም ድሮ ጭቃ ሳለ እንደዚያ ነው የተኛው፤ በእያንዳንዱ ስስ ንብርብር ሻካራው ከታች፣ ልሙጡ ከላይ። በዚያ ሣጥን ውስጥ ግን ሻካራው ሁሉ ከላይ ሆኖ አገኘሁት። ጣቴን አሻሸሁበት፣ ዓይኔን ጠረግሁ፣ እንደገና አሻሸሁበት። ክዳኑ ዞሮ ተከድኖ ከሆነ የኖራ ድንጋዩ ጣሪያ ሳይሆን ወለል ነው ማለት ነው። ሰኞ የሚለቁት ግፊት ከላዩ ሊሆን ነው።

ለዶክተሯ ስነግራቸው አልሳቁም። ተንበርክከው በማጉያ መነጽር ረጅም ጊዜ አዩትና ፊታቸው አመድ መሰለ። ወዲያው ለጉድጓዱ ኃላፊ ደወሉ። ኃላፊው ጭቃ አንዳንዴ ተገላቢጦሽም ይተኛል፣ ፓምፖቹ ተከራይተው ቆመዋል፣ በአንድ ምልክት ሥራ አላቆምም አላቸው። ዶክተሯም ጭቃ አንዳንዴ ተገላቢጦሽ እንደሚተኛ አልካዱም። ስልኩን ሲዘጉ «ልጄ፣ ሁለተኛ ምልክት ካገኘሽልኝ እኔ ራሴ ፊርማዬን አንሥቼ አስቆመዋለሁ፤ ያለ እኔ ፊርማ አይጀምሩም» አሉኝ።

ሁለተኛ ምልክት ፍለጋ ለጋሼ ደወልኩ። ጨዋታ አስመስዬ፣ ጋሼ ያ የሣጥኑ ክዳን ተዟዙሮ ይገጥማል እንዴ ብዬ ጠየቅኋቸው። ወይ እኔ! ድምፅ ማጉያውን ከፍተው፣ ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «እንዴት አይገጥምም! በፈለግሽው በኩል አዙሪው፣ ምላጭ አያስገባም! ሰፈሩ ሚሊሜትር ብሎ የሚጠራኝ በከንቱ መሰለሽ?» አሉኝ። ከኋላ ሰዎቹ ሲያደንቁ ይሰማኛል። ሌላ አናጢ ቢሆን አንዱ ጥግ ተንጋዶበት ክዳኑ በአንድ በኩል ብቻ ይገጥም ነበር፣ እኛም እንተርፍ ነበር። እጃቸው ልክ መሆኑ ጉድ ሠራን።

ቀጥሎ ዶክተሯ ሲደውሉላቸው ግን ነገሩ ተበላሸ። ጋሼ «ዋና መሥሪያ ቤት» የሚለውን ሲሰሙ ደነገጡ መሰለኝ፣ «ሣጥኔ እንከን የለውም፣ ሌላ የማውቀው የለም» ብለው ዘጉት። ከዚያ ወዲህ የኔንም ስልክ አያነሱም። የሚያስሯቸው ወይም የሚያስከፍሏቸው መስሏቸው ይሆናል። አልፈርድባቸውም፤ እሳቸውም እንደኔው ፈርተው ነው፣ የወንድ ፍርሃት ስለሆነ ቁጣ ይመስላል እንጂ።

ከጋሼ የምትጠይቂልኝ ይህን ነው። ሣጥኑን ገልብጬ ሳየው በአንደኛው ጫፍ ሦስት ምስማር፣ በሌላኛው ሁለት ምስማር ተመትቷል። ሌሎቹንም ሣጥኖች አየሁ፣ ሁሉም እንደዚያው ናቸው። ጋሼ ደግሞ ያለ ምክንያት ምስማር አይመቱም፤ ምስማር ከሚያባክኑ ጥርሳቸውን ቢያስነቅሉ ይመርጣሉ። ክዳኑ ይዞራል እንጂ የሣጥኑ አካል አይዞርም። ባለሦስቱ ምስማር ጫፍ ራስጌ ነው ወይስ ግርጌ? ሠራተኞቹንስ ሣጥኖቹን ሲያስረክቡ ከየትኛው ጫፍ ጀምረው ድንጋዩን እንዲያስገቡ ነበር ያሳዩአቸው? ይኸው ነው። በምን በኩል እንደሚገባባቸው አንቺ ታውቂያለሽ። ጥፋት እንደምትፈልጊ ሆነሽ አትጠይቂያቸው፣ ሙያ እንደምትጠይቂ ሁኚ። ዶክተሯ ያሉትንም ንገሪያቸው፦ «ክዳኑ በአንድ በኩል ብቻ መግጠም እንዳለበት ማንም ያልነገረውን አናጢ ማን ይጠይቀዋል? መንገር የነበረብን እኛ ነን።» መልሱን እንዳገኘሽ በሹፌሩ ስልክ ደውይልኝ። የራስጌውን ምስማር ብዛት ብቻ፣ ሦስት ወይም ሁለት በዪኝ፣ ሌላ ምንም አትበዪ፤ የቀረውን እኛ እንጨርሰዋለን።

ይህ ሁሉ ሆኖ ጋሼ እምቢ ቢሉስ? ለዚህ ነው የመጀመሪያውን የምለምንሽ፣ ከቤት እንድትወጡ። ባለፈው ሳምንት ዶክተሯ ከናንተ ከመጣው ድንጋይ አንድ ትኩስ ቁራጭ ውሃ በሞላ የመስታወት ሳህን ውስጥ ነክረው ነበር። ከድንጋዩ ጥቃቅን አረፋ ይወጣ ጀመር። ትንሽ ብርጭቆ ደፍተውበት ሰበሰቡትና ክብሪት ጫሩበት፤ ውሃው ላይ ሰማያዊ እሳት ብልጭ አለና ጠፋ። እዚያ የነበረው ሠራተኛ ሁሉ አጨበጨበ። እኔም አብሬ አጨብጭቤ ነበር። እጄን ሳልመልስ ግን ኩሽናችን ፊቴ ላይ ድቅን አለ። አባታችን ነፍሱን ይማረውና፣ እማዬ ውሃ ልትቀዳ በዝናብ እንዳትወጣ ብሎ የኩሽናውን ግድግዳ አስፍቶ ጉድጓዱን ወደ ውስጥ ያስገባው ቀን ስንት ሰው መጥቶ አመሰገነው! ምድጃውና የጉድጓዱ አፍ ክንድ ለክንድ ናቸው። ጋዝ ቀለም የለውም፣ ሽታም የለውም። እማዬ ደግሞ ማንም ሳይነቃ ተነሥታ ክብሪት የምትጭር ሰው ናት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ክብሪት ሲጫር በሰማሁ ቁጥር እደነግጣለሁ። ምሳ እየበላሁ እደነግጣለሁ። ዶክተሯ ምናልባት ምንም ላይሆን ይችላል፣ ስንጥቁ መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል፣ ጋዙም ከደረሰ ቀስ ብሎ ሊሆን ይችላል ብለውኛል፤ እሳቸው ሊያጽናኑኝ ብለው የማይዋሹ ሰው ናቸው። እኔ ግን «ምናልባት» በሚለው ቃል ላይ እናቴን አስተኝቼ መቀመጥ አልቻልኩም። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል የሚሉት ነገር ጆሮዬ ላይ ይጮኻል። ያልጠረጠረ ተመነጠረም ይባላል፤ እኔ እንግዲህ በመጠርጠር የሚደርስብኝ የለም።

እሑድ ከሰዓት ሳይመሽ ወንዙን ተሻግራችሁ አክስታችን ዘንድ ሂዱ። እዚያ ያለው ድንጋይ ሌላ ነው፣ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ለእማዬ ስለ ጋዝ አትንገሪያት፣ ባሏ ከቆፈረው ጉድጓድ ማን ያስወጣኛል ብላ በሩ ላይ ትተኛለች። ይልቅ አክስታችን አዲስ ያስገነባችውን ክፍል መጥተሽ እዪልኝ ብላለች በያት። እንከን ለማግኘት ስትል ከናንተ ቀድማ ትደርሳለች። ከመውጣትሽ በፊት ምድጃውን አጥፊ፣ የኩሽናውን በርና መስኮት ወለል አድርገሽ ክፈቺ፣ የጉድጓዱን ክዳን አንሺው። ሌባ ይገባል ብለሽ እንዳትዘጊው። ሌባ ቢገባ ካፖርቱን ይውሰደው።

እንግዲህ ሰላምታዬን ላድርስ። ለእማዬ እጅ ነሥቻለሁ፣ ጉልበቷን ስሜያለሁ፤ መነጽሯንና የደም ግፊት መድኃኒቷን በመያዣዋ ውስጥ አንቺ ራስሽ ክተቺላት፣ ይዣለሁ ብትልሽ አትመኛት። ትንሿን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ፤ የደብተር ቦርሳዋን ትያዝ፣ ድመቷንም ከወሰደቻት አትከልክያት። ለጋሼ ከልብ የሆነ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ እሳቸውን መፍራት ትቻለሁ፣ ለእሳቸው ነው አሁን የምፈራው። ሱቁን ልጠብቅ ብለው መቅረት ይፈልጋሉ፣ አውቃቸዋለሁ። መጋዛቸውንና ሜትራቸውን አስይዘሽ አውጪያቸው፤ ያለ ሜትራቸው አይንቀሳቀሱም። አንቺን ግን እትዬ፣ በምን ቃል ልሰናበትሽ? የስፌት መኪናሽ ከባድ ነው፣ ተይው። ጉልበትሽን አትርሺ፣ ድልድዩ ላይ ቀስ ብለሽ ሂጂ።

ማክሰኞ ምንም ሳይሆን ቢውል፣ ቤቱም በቦታው ቢገኝ፣ ውሃውም ውሃ ቢሆን፣ ሁላችሁም ተሰብስባችሁ ደውሉልኝና ሳቁብኝ። ጋሼ ድምፅ ማጉያውን ይክፈቱት፣ ሰፈሩ ሁሉ ይስማ፣ ድንጉጧ ዛሬም ካፖርት አይታ ጮኸች በሉ። እኔ እዚህ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ሳቁን በየድምፁ እለየዋለሁ፤ የእማዬ፣ የትንሿ፣ የጋሼ፣ ያንቺ። አንዱ እንኳ እንዳይጎድልብኝ።

ድንጉጧ እህትሽ
ከድንጋይ መጋዘኑ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ኅዳር 11 ቀን